አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ዳዶውን እዩት

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ደጀን ነው፤ የምሠራባቸው ቀበሌዎች ግን አብዛኞቹ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርዱ ናቸው። ያለ ሞተር ሳይክል ሥራ የለም።

ባለፈው ሰኔ የአባ ሰንጋ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዤ ቆላ ወረድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ውሃ ልጠጣ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁት። ተመልሼ ቁልፉን ስከፍት መብራቱ ቦግ አለ። ስታርቱን ስጫን ግን «ቀጭ» አለና ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ጠፋ። የኔ ሞተር በእግር የሚመታ ማስነሻ የለውም። ሁለት እረኞች ገፍተውልኝ በሁለተኛ ማርሽ አስነሳሁት። ክትባቱ ተረፈ። ከተማ ስገባ «ባትሪው ሞቷል» ተባልኩና አዲስ ገዛሁ። በሳምንቱ ያው «ቀጭ» ተመለሰ።

ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር። የባትሪውን ሽቦ የሚያስረው ቡሎን የሚገባበት የላላ ዳዶ ነው እንዲህ ያደረገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 35 ዋት የፊት መብራት 3 አምፒር ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። ሞተሪኖው፣ ማለትም ስታርት ሲጫን ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ግን ለማዞር የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። የላላ ወይም የዛገ ማያያዣ ትንሹን ያሳልፋል፣ ትልቁን ያንቃል። ስለዚህ መብራቱ ደምቆ በርቶ ስታርት ሲጫን በአንዴ ድርግም ካለ፣ መጀመሪያ ግንኙነቱን ጠርጥሩ። መብራቱ ከመነሻው ደብዝዞ ሞተሪኖው እያቃሰተ ቀስ ብሎ ከዞረ ደግሞ ቻርጅ አንሷል ማለት ነው።

ቴስተር ካላችሁ ጥርጣሬው በደቂቃ ይለያል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። 12 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ነው። አሁን የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው እርሳስ (ሽቦው የሚታሰርበት ተርሚናል) ራሱ ላይ፣ ሌላውን እዚያው የታሰረው የሽቦ ጫፍ ላይ አድርጉና ሰው ስታርት ይጫንላችሁ። ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ቮልቱ እዚያች መጋጠሚያ ላይ እየቀረ ነው። በሁለቱም በኩል ሞክሩት።

ሲፈታ ቁልፉን አጥፉና ጥቁሩን፣ ማለትም ነጋቲቩን አስቀድሙ። ሲታሰር ደግሞ ቀዩ ይቀድማል፣ ጥቁሩ መጨረሻ። ምክንያት አለው። ጥቁሩ ታስሮ ሳለ ቀዩን ስትፈቱ መፍቻው ሻንሲውን ከነካ በቀጥታ ሾርት ያደርጋል፤ የእሳት ፍንጣሪው እጅ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዳዶው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። በትንንሽ የሞተር ባትሪዎች ላይ ዳዶው አራት ማዕዘን ነው፤ በእርሳሱ ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ይገባል። አይበየድም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቡሎኑን ከላይ ስታስገቡ ዳዶው ወደ ታች ይሸሻል፤ ቡሎኑ ሁለት ጥርስ ብቻ ይዞ የጠበቀ ይመስላል። ኮረኮንች ላይ አንድ ሳምንት ከነዳችሁ ይላላል። የኔው እንዲህ ነበር። መፍትሔው ከዳዶው ሥር ትንሽ የስፖንጅ ወይም የላስቲክ ቁራጭ መጎዝጎዝ ነው። ዳዶውን ወደ ላይ ገፍቶ ይይዘዋል፣ ቡሎኑም ሙሉ በሙሉ ይነክሳል። ሮንዴላ ካለ ከቡሎኑ ራስ ሥር ይግባ፤ በሽቦው ጫፍና በእርሳሱ መካከል ምንም አታስገቡ። አጥብቁ፣ ግን እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ከመጠን አታሳልፉ።

ከማሰራችሁ በፊት ግን ይጽዳ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። አሲዱን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል። ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ፤ ውህዱ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሸዋል። አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እርሳሱ እስኪያበራ ድረስ ፈትጉት። ካሰራችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀቡ።

የጥቁሩን ሽቦ ሌላኛውን ጫፍም ተከተሉት። ማሳው፣ ማለትም ይኸው የጥቁሩ ሽቦ ጫፍ፣ ሻንሲው ላይ በሚታሰርበት ቦታ ቀለም ወይም ዝገት ካለ ያው ችግር ነው፤ ፈግፍጋችሁ ብረቱን አውጡት። ፊውዙም ቤቱ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይቀመጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሞተሩ ከተነሳ ምን ቸገረኝ» ብላችሁ በላላ ሽቦ አትንዱ። ግንኙነቱ በሩጫ ላይ ሲቆራረጥ ቮልቱ ይዘላል፤ አምፖልና ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ያቃጥላል።

እኔ ያለ ጥፋቱ የቀየርኩትን የድሮውን ባትሪ መጠባበቂያ ይሆነኛል ብዬ ቆላ ቀበሌ ባለው የቆርቆሮ መጋዘናችን ውስጥ አስቀመጥኩት። በአራት ወር ውስጥ ሞተ፤ አሁን እውነትም ሞተ። ባትሪ ተቀምጦም በራሱ ያልቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባዶውን በቆየ ቁጥር ደግሞ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክርና ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ደጋና ቆላ የምትመላለሱ መጠባበቂያውን ደጋ አቆዩት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ የዛሬ ባትሪ ቤቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሚንቶ አያስጨርሰውም።

ከሁሉ የሚሻለው መጠባበቂያ አሲድ ያልገባበት ደረቅ ባትሪ ነው። አሲዱ ለብቻው ይሁን፣ የባትሪው ማሸጊያም አይከፈት፤ ብዙ ይቆያል። የምትፈልጉት ቀን አሲዱን ሞልታችሁ፣ ቻርጅ አድርጋችሁ ትጠቀማላችሁ። ያኔ የአየር ማስወጫውን ቆብ ማንሳት አትርሱ፤ ካልተነሳ ባትሪው ያብጣል።

አሲድ የገባበት ከሆነ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለቱን ተርሚናሎች በናስትሮ ሸፍኑ። ከመፍቻ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይግባ። ውሃው ባትሪው ላይ ከተሰመሩት ሁለት መስመሮች መካከል ይሁን፤ ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው፣ አሲድም የቧንቧ ውሃም አይደለም። በወር አንዴ ለኩት፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ አድርጉ። ለ5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፒር ይበቃል። የመኪና ቻርጀር ያፈላዋል።

እኔ አሁን ሁለት ባትሪ አለኝ። በየሦስት ወሩ አቀያይራቸዋለሁ። በላያቸው ፕላስተር ለጥፌ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን እጽፋለሁ። ቻርጅ የማደርገው በረንዳ ላይ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ በፍጹም አላደርግም። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን በአንዲት ፍንጣሪ ይፈነዳል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ።