መጀመሪያ ቦዩ፣ ከዚያ ጫካው፣ ሐይቁ መጨረሻ

አየርላንድ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የማውቃት ዌስትሚዝ የምትባለው የአገሪቱ አውራጃ ከቤቴ እስከ ሥራዬ ያለችውን መንገድ ብቻ ነበረች። የምኖረው እዚያው ሙሊንጋር ከተማ ነው። ከደጄ አምስት ደቂቃ ተራምጄ የማገኘው ቦይ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ሐይቅ በሐይቅ ነው። እኔ ግን መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። የዚህ አገር ዝናብ ቢጠብቁት አያባራም።

አሁን ልጆቼን ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። አዲስ የመጡ እህቶችና ወንድሞች "የት እንሂድ?" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቦዩ፣ ከዚያ ጫካው፣ ሐይቁ መጨረሻ። ብዙ ሰው ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ቀጥታ ወደ ሐይቅ ይሮጣል። ከሦስቱ ስህተት የማይምረው ግን ሐይቁ ነው።

ቦዩ ሮያል ካናል ይባላል። ቁፋሮው በ1790 ተጀምሮ በ1817 ከሻነን ወንዝ ጋር ተገናኘ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ የጭነት ጀልባዎቹን ዳር ዳሩን እየሄዱ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ዛሬ የፈረሶቹ መንገድ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከሜይኑዝ እስከ ክሎንዳራ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2021 ተከፈተ። መኪና የለም፣ ዳገት የለም ማለት ይቻላል። መንገድ መሳትም የለም፤ ውሃው አጠገባችሁ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ከሙሊንጋር ወደ ምዕራብ፣ እስከ ኩልናሄይ ሂዱ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 20። ሙሊንጋር የቦዩ ከፍተኛው ቦታ ላይ ስለሆነች እስከዚያ ድረስ ሎክ የሚባለው የውሃ በር አያጋጥማችሁም። ሎክ ማለት ውሃውን ሞልቶ ወይም አፍስሶ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ ሁለት በር ገንዳ ነው። ኩልናሄይ ላይ 26ኛውን ታገኛላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ፣ ግን የልጆቻችሁን እጅ ያዙ። ገንዳው ጥልቅ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ ድንጋይ ነው፣ በበሮቹ ላይ መራመድ ደግሞ ለልጅ ጨዋታ ይመስለዋል።

ብስክሌት ከለመዳችሁ በኋላ ለማንም የምመክረው አንድ ነገር አለ። እዚህ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከሙሊንጋር ተነስታችሁ በምዕራብ በኩል ወዳለችው ሎንግፎርድ ከተማ እየነዳችሁ ከነፋስ ጋር አትታገሉ። ብስክሌታችሁን በባቡር ጭናችሁ ሎንግፎርድ ውረዱ፤ ከዚያ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። የብስክሌት ቦታ ባቡሩ ላይ ጥቂት ነውና አስቀድማችሁ ያዙ። ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሙሉ ቀን ስጡት። አቢሽሩል ስትደርሱ ቦዩ ኢኒ የሚባለውን ወንዝ በድንጋይ ድልድይ ላይ ይሻገራል። ከላይ ውሃ፣ ከታች ውሃ። ልጄ መጀመሪያ ያየው ቀን ከዚያ ቦታ አልነሳም ብሎኝ ነበር።

ፓምፕና ትርፍ ከመነዳሪ ሳትይዙ እንዳትወጡ። በመንደሮቹ መካከል ሱቅም ጥላም የሌለበት ረጅም መንገድ አለ። እኔ ባሊናካርጊን አልፌ ጎማዬ ፈነዳና ሁለት ሰዓት ሙሉ ብስክሌት እየገፋሁ፣ ሁለት ልጆች እያባበልኩ ተጉዣለሁ። ያለፋችሁትን ድልድይ ስም ሁልጊዜ በአእምሯችሁ ያዙ። ድልድዮቹ ስም አላቸው፤ ችግር ገጥሟችሁ የአደጋ ጥሪው 112 ላይ ብትደውሉ "ቦዩ ዳር ነኝ" ማለት ብቻ ለማንም አይበቃም።

ሌላው ሳማ ነው። አዎ፣ የእኛው ሳማ! ትልቋ ልጄ እግሯን ሲለበልባት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከዚያው ዳር ሰፊ ቅጠል ቀጥፈው አሹላት። ቅጠሉን ሳየው ቱልት ነው። የኛ ቱልት ዘመድ። ልጄ ማልቀሷን ተወች፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ከዚያ ጫካው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙላሚንን ምረጡ፤ ከካስልፖላርድ በላይ ነው። ሰው የተከለው የቢች ዛፍ ጫካ ሲሆን በዓይነቱ ከአውሮፓ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። ቢች ቅጠሉ ከላይ ስለሚገጥም ከሥሩ ቁጥቋጦ ብዙ አይበቅልም፤ ስለዚህ ልጆች ከዓይን አይጠፉም። መንገዶቹ በቀለም ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ ዞረው ወደ ተነሱበት ይመልሳሉ። ጫፉ 258 ሜትር ነው፤ የዌስትሚዝ ከፍተኛው ቦታ ይኸው ነው። ደጋ ላደገ ሰው ኮረብታ እንኳ ላይመስለው ይችላል። ቢሆንም በግንቦት አዲሱ ቅጠል ሲወጣ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ሲቀላ ሂዱና እዩት። እሳት ማንደድ አይፈቀድም፤ ሻይውን በፔርሙዝ፣ ቆሎውን በፔስታል ያዙ። የተቆለለ ግንድ ላይ ልጅ እንዳይወጣ፤ ይንከባለላል።

የጫካው አደጋ ትንሽ ነው፦ መዥገር። ረጅም ሳር ውስጥ ከገባችሁ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፤ ቤት ስትመለሱ የልጆቹን ጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የጆሮ ሥር እዩ። ካገኛችሁ ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን ተዉት። በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ አድርጋችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከዚያ ለአንድ ወር ቦታውን ተከታተሉ። እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ላይም የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

አሁን ሐይቁ። ለዋና የውሃው ጥራት እየተመረመረ የሚታወቁ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ሎክ ኤኔል ላይ ሊሊፑት፣ ሎክ ኦዌል ላይ ፖርትናሻንጋን፣ ሎክ ሊን ላይ ደግሞ ዘ ከት። (ይኼኛው "ሎክ" በአይሪሽ ሐይቅ ማለት ነው፤ ከቦዩ በር ጋር እንዳታምታቱት።) የዋና ወቅቱ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ነው፣ በፈረንጅ። ከእነዚህ ውጭ፣ ዳሩ ያማረ ስለመሰላችሁ ብቻ አትግቡ።

ቅዝቃዜውን ልብ በሉ። ግንቦት ላይ አየሩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ ነው። ዘላችሁ ስትገቡ ትንፋሽ ይቆረጣል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ውሃ የሚውጠው ያኔ ነው። ቀስ ብላችሁ ግቡ። ድንገት ከወደቃችሁ ለመዋኘት አትታገሉ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉና ትንፋሻችሁ እስኪመለስ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ሞቃትና ነፋስ የሌለበት ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ከመሰለ ልጅም ውሻም አታስገቡ፤ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ካያክ (ጠባቧን የመቅዘፊያ ጀልባ) የምትቀዝፉ ከሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደሪያ፣ ግዴታ ነው። ሕጉ ከ7 ሜትር በታች በሆነ ጀልባ ላይ ያለ ሁሉ እንዲለብስ ያዛል። ለብሶ መቆለፍ ነው እንጂ ከእግር ሥር ማስቀመጥ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ኤኔል ላይ የወጣሁ ቀን ጠዋት ውሃው መስታወት ነበር። ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ደስ እያለኝ ቀዘፍኩ። ስመለስ ነፋሱ በረታ፣ ማዕበል ተነሳ፣ አንድ ሰዓት ቀዝፌ ከቦታዬ ያልተነቃነቅኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ እቀዝፋለሁ፣ ስደክም ነፋሱ ራሱ ወደ ቤት ይመልሰኛል። ከዳር ብዙ አልርቅም። ስልኬ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አንገቴ ላይ ነው። ሐይቅ ላይ ችግር ሲደርስ 112 ደውላችሁ ኮስት ጋርድ በሉ፤ የውሃ ላይ አደጋ አዳኞቹ ናቸው።

ሰዓታችሁን እወቁ። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሥራ መልስም ይደረሳል። ታኅሣሥ ላይ ግን 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ቤት ስትገቡ ካያኩን፣ ጫማውን፣ መረቡን እጠቡና ቢያንስ 48 ሰዓት አድርቁ። ዜብራ የሚባል ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በእርጥብ ዕቃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባ ማውጫ የለውም። ቅዳሜ ኤኔል የነበረ ካያክ እሑድ ሎክ ሊን አይግባ።