ጥይቶቹ ለምን አረንጓዴ አወጡ?

አጎቴ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው። የሚያስቀምጠው ከነጥይቱ በቆዳ አፎት ውስጥ ነው። በዚህ ክረምት ስናየው ብረቱ ዝጓል፣ የጥይቶቹም ቀለህ (ባሩዱን የያዘው የናስ ቅርፊት) አረንጓዴ አውጥቷል። መጀመሪያ የጠረጠርነው የሀዋሳን እርጥበት ነበር። ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ ነው።

ዋናው ተጠያቂ ግን አፎቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በዚያ ላይ ሲለፋ የገባበት ኬሚካል ከናስ ጋር ሲገናኝ ያንን አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ስለዚህ አፎት ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

አጎቴ በመጀመሪያ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አድርጎ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አወጣ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን አረጋገጠ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀመጥናቸው። ይሄ በፍጹም አይዘለልም! ዝገቱ ላይ ላዩን ስለነበር በመሣሪያ ዘይት በራሰ የጥርስ ብሩሽ ለቀቀ። ከዚያ በስሱ ዘይት ቀባነው።

ጥይት ግን ዘይት አይነካውም። ዘይቱ በቀለሁ ግርጌ ሰርጎ ማቀጣጠያውን ሊያበላሽ ይችላል። በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግናቸው። ናሱ የተበላባቸውን አጎቴ ለፖሊስ አስረከበ። ቀለሁን እቤት እንደገና መሙላት የሚል ሐሳብ ያነሳ ዘመድ ነበር፤ እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፣ የባሩድ ልክ ሲዛባ ደግሞ ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ሽጉጡ ያለ አፎቱ በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፋል። በሁለቱም ውስጥ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረናል።