"እዚያች ድንጋይ ድረስ ብቻ" ብላችሁ ስትወጡ

እንጦጦ ላይ ካሉት ትልልቅ አለቶች ወደ አንዱ ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ስወስድ ዓመታት አልፈዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ በባሕር ዛፉ መሀል አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። የሰው እጅ የፈለፈለውን አለት ማየት የፈለገ የካ ላይ ወዳለው ዋሻ ሚካኤል ይሂድ፤ ይሄኛውን ያቆመው ተፈጥሮ ነው። የትኛው እንደሆነ ስሙን አልጽፍም፣ የውሃ ፕላስቲክ መልቀም ሰልችቶኛል።

ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው "አንድ ሰዓት የማይሞላ" ስላቸው ነው። ቁርስ ሳይበሉ፣ አንድ ግማሽ ሊትር ውሃ ለአራት ይዘው ይመጣሉ። "የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ለምዷል" የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ግን ከ3,000 ይበልጣል። ዳገቱ ላይ መጀመሪያ ቀልዱ ይቆማል፣ ቀጥሎ ወሬው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ቀኑን ቀይሩት፤ አንዷን "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያለችኝ ደግፌ አውርጃታለሁ።

ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ደርቆም ያንሸራትታል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፦ እየሄዱ ወደኋላ ዞሮ አለማየት። ሰው ሲወጣ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል። ሲመለስ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆንበታል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ምልክት አይሆንም። በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ ይቆረጣል፣ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አብሮ የተቆረጠው አብሮ ስለሚያድግ አንዱ ከሌላው አይለይም። ለይታችሁ ያያችሁትም ዛፍ በሚቀጥለው ወር ማገዶ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። መንገዱስ ቢሆን? እንጨት ለቃሚዎች የረገጡት ስለሆነ እያንዳንዱ ቅያስ ወደ ሌላ ሰፈር ነው የሚወስደው። "ስልኬ ላይ ካርታ አለ" ትሉኛላችሁ። ያ ስልክ አለቱ ጋ እስክትደርሱ መቶ ፎቶ አንስቶ ባትሪው አልቋል! መንታ መንገድ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ቁሙ፣ ዙሩ፣ እዩ። ሦስት ድንጋይ ደርቡና ስትመለሱ አፍርሱት። ሌላ ጥበብ የለውም።

ከዚህ የሚብሰው መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ነው፦ "ከጠፋን ቁልቁል መውረድ ነው፣ ከተማ እንገባለን።" እንጦጦ ውሃ የሚከፍል ተራራ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን ነሐሴ ላይ ነው። ጭጋጉ ወርዶ እጄ ሊጠፋብኝ ምንም አልቀረውም፤ አንዲት ምንጭ አገኘሁና "ተከትያት ሽሮ ሜዳ እገባለሁ" ብዬ ወረድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲገለጥ ፊቴ ያለው ከተማ ሳይሆን ሜዳ ነው፣ ከብት ይግጣል። አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። "አባባ፣ ሽሮ ሜዳ በየት በኩል ነው?" አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ልጄ፣ ሱሉልታ ነው ያለኸው" አሉኝ። ምንጯ ወደ ዓባይ እየሄደች ነበር፣ እኔም አብሬያት።

አለቱ ላይ ስትደርሱ ጫፉን አትመኑት። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ ስንጥቅ አለው፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ያለው ቁራጭ የተያያዘ ይምሰል እንጂ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለሰልፊ ወደኋላ የምትራመዱትን ማየት አልችልም፣ ፊቴን አዞራለሁ። መውጣቱን ሁሉም ይችለዋል፤ ሲወርዱ ግን እግር ማሳረፊያው አይታይም፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በየት እንደምትወርዱ አስቡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ውረዱ። ክረምት ላይ ደመናው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ጠዋት አንድ ሰዓት እንገናኝ የምለው ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ "ታክሲ አጣሁ" የሚለኝን ትቼው እሄዳለሁ።

ብቻችሁን አትሂዱ።

ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡባችሁ ከመንገዱ ውጡላቸው። እነሱ በዚያ ሸክም ቁልቁለት ላይ መቆም አይችሉም፤ እናንተ የያዛችሁት ቦርሳ ነው። ሳይፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ነውር ነው።

በመጨረሻ፣ ቀለም ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ጓደኛዬ በወጣትነቱ አለቱ ላይ የራሱንና የአንዲት ልጅ ስም በቀይ ጽፎ፣ ልብም ስሎበታል። እኔ ነበርኩ ቆርቆሮውን የያዝኩለት። ልጅቷ ሌላ ሰው አገባች፣ ጽሑፉ ግን ዛሬም ከሩቅ ይነበባል። ባለፈው "ባለቤቴን ይዣት ልውጣ፣ መንገዱን አሳየን" ሲለኝ ወደ ሌላ አለት ወሰድኳቸው።