ጥርስ ለሌላቸው ታካሚዎች የንክሻ ከፍታ ስትወስኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የተሠራላቸው አዛውንት «አልተስማማኝም» ብለው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ድዱ ነው። «ድዳቸው አልቋል፣ ምን ይደረግ» ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የንክሻ ከፍታውን ነው። ታካሚው ጥርሱን ሲገጥም በአፍንጫውና በአገጩ መካከል የሚኖረው ርቀት በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ፣ የቀረው ሥራ ምንም ያህል ቢያምር ጥርሱ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። የራሱ ጥርስ ያለው ሰው ከፍታውን በጥርሱ ያሳየናል። ጥርስ የሌለው ግን የሚያሳየን ነገር ስለሌለው እኛው ፈልገን ማግኘት አለብን። ከጀማሪ ባልደረቦች ጋር ስሠራ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እጽፋለሁ። ሰም ስለ ማለስለስና ሞዴል ስለ ማፍሰስ አላወራም፤ ታውቁታላችሁ።

ያላረፈን ሰው ለክቶ «የዕረፍት ልኬት» ማለት

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስሌቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ መንጋጋ ባረፈበት ጊዜ ያለውን ርቀት ለካ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቀንስ፣ የቀረው የንክሻው ከፍታ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ኒስዎንገር እ.ኤ.አ. በ1934 ይህን መንገድ ካቀረበ ወዲህ «3 ሚሊ ሜትር» የሚለው ቁጥር በየተማሪው አእምሮ ተቀርጿል። ለአብዛኛው ሰው ቁጥሩ ደህና ነው። ጉዳቱ የሚመጣው 3ቱ ከሚቀነስበት ልኬት ነው።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪም ፊት ናቸውና ትከሻቸው ተወጥሯል፣ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል። ወጣቱ ሐኪም አፍንጫቸው ጫፍና አገጫቸው ላይ ነጥብ ያደርግና «ዘና ይበሉ» ይላቸዋል። ዘና በል ተብሎ ዘና ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እሳቸው የታዘዙትን ለመፈጸም ብለው ከንፈራቸውን የባሰ ይጫኑታል፤ የአገጫቸው ቆዳ ተኮማትሮ ወደ ላይ ይሳባል፣ ነጥቡም አብሮ ይወጣል። እዚያ ላይ ተለክቶ 3 ሚሊ ሲቀነስ፣ ያነሰው ልኬት የባሰ አነሰ ማለት ነው። ሌላው ታካሚ ደግሞ አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል፤ የእሱ ከልክ በላይ ከፍ ይላል። ከዚያ «ተመቸዎት እማማ?» ይባላል። «ደህና ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። የኛ አገር አዛውንት ሐኪም ፊት «አልተመቸኝም» ማለት ይከብዳቸዋል፤ ይሉኝታ አለ። ይህን መልስ እንደ ምርመራ ውጤት ካርዱ ላይ የሚጽፍ ሰው ሳይ እበሳጫለሁ፤ ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕመሙን ይዘው የሚመላለሱት እሳቸው ናቸው።

መለኪያውን አስቀምጡና አውሯቸው። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሰፈራቸው ጠይቋቸው። ትከሻቸው ሲወርድ ታዩታላችሁ። ከዚያ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው አፋቸውን እንዲተዉት ንገሯቸው። «ሰላም» የሚለውን ቃል ደጋግመው ይበሉላችሁ፤ «ም» ላይ ከንፈር ከንፈርን ነክቶ ሲቆም ለኩ። ሳይነቃነቁ ከንፈራቸውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ገለጥ ስታደርጉ በላይኛውና በታችኛው ሪም (ጥርስ ከመደርደሩ በፊት በቦታው የሚቆመው የሰም ግድግዳ) መካከል ክፍተት ማየት አለባችሁ። ሌላ ሥራ ሠርታችሁ ተመለሱና ደግማችሁ ለኩ። ልኬቶቹ ካልተቀራረቡ ታካሚው ገና አላረፈም፤ አማካዩን ማውጣት አይረዳችሁም።

3 ሚሊ ሜትርም ለሁሉም አይሠራም። መንጋጋው ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ከዚያ የሚሰፋ ክፍተት ይፈልጋል፣ ወደ ፊት የወጣ መንጋጋ ያለው ደግሞ የሚጠብ። ድዳቸው ለጥ ብሎ ላለቀ አዛውንትም ሰፋ አድርጌ እተዋለሁ።

ወንበሩን አስተኝቶ መለካት

አይሆንም። ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲያዘነብል መንጋጋው ዝቅ ይላል፣ ልኬቱ ይረዝማል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ የራስ መደገፊያውን አንሱት።

ሁለቱንም ሪም መቅረፅ

መጀመሪያ የላይኛውን ጨርሱ፦ ከንፈሩን እንዴት እንደሚደግፍ፣ ከከንፈር በታች ምን ያህል እንደሚታይ፣ ከፊት ሲታይ ከዓይኖቹ መስመር ጋር፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ ጆሮ ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ መሆኑን። ከዚያ በኋላ የላይኛውን አትንኩት። ከፍታው የሚስተካከለው ከታችኛው ብቻ ነው። አንዴ ከላይ አንዴ ከታች የሚቀርፅ ሰው የት እንደደረሰ ራሱም አያውቅም። የሚወዛወዝ ቤዝ (ሪሙን ተሸክሞ ድዱ ላይ የሚያርፈው መሠረት) ላይ ደግሞ ልኬት የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ላብራቶሪ መልሱት።

ከኋላ የሚነካካውን አለማየት

ይህ ስለማይታይ ብዙዎችን ያታልላል። ታካሚው ሲገጥም ከፊት ሪሞቹ በደንብ የተገናኙ ይመስላሉ። ከኋላ ግን የታችኛው ቤዝ መጨረሻ፣ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ቦታ በስተኋላ ያለው፣ ከላይኛው ቤዝ ጫፍ ጋር ቀድሞ ይነካካል። ያኔ አንደኛው ቤዝ ከድዱ ተነሥቶ ነው ከፊት የሚገናኙት። እናንተ የወሰዳችሁት ንክሻ አፍ ውስጥ የሌለ ንክሻ ነው። ሁለት ጣቶቻችሁን ከላይኛው ቤዝ ግራና ቀኝ አድርጉና ቀስ ብለው ይግጠሙ በሏቸው፤ ቤዙ ከፊት በኩል ዝቅ ሲል ጣታችሁ ይሰማዋል። ሞዴሎቹንም ገጥማችሁ ከኋላ በኩል ተመልከቱ፣ ከአፍ ውስጥ ይልቅ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚነካካውን ቦታ ሳስታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከኋላ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ከፊት ሲደርስ 2 እና 3 ሚሊ ይሆናል።

ሽብሽብ ለማጥፋት ከፍ ማድረግ

ከውጭ ለዕረፍት የመጡ ልጆች እናታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወጪውን የሚችሉት እነሱ ናቸው፣ እናታቸውን ይወዷታል፣ ስልካቸው ላይ የሠርጓን ፎቶ ያሳያሉ። «እማዬ እንዲህ ነበረች፣ ይሄ ሽብሽቧ ይጥፋላት» ይላሉ። ፎቶውን ተቀበሉ፤ የራሷ ጥርስ እያለ ከንፈሯ እንዴት ያርፍ እንደነበር ያሳያችኋልና ከብዙ መለኪያ ይበልጣል። ሽብሽቡን በከፍታ ለማጥፋት ግን እሺ እንዳትሉ።

መንጋጋ ሲያርፍ የሚኖረውን ክፍተት ከወሰዳችሁባት ጥርሶቹ ቀኑን ሙሉ ይነካካሉ። ጡንቻው ዕረፍት ያጣል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ ከንፈሯን ለመዝጋት ትቸገራለች። ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ «የቱ ጋ ነው?» ስትሏት ጣቷን በታችኛው ድድ ዙሪያ በሙሉ ታዞረዋለች። ድዱን አይታችሁ የቆሰለ ነጥብ ካላገኛችሁ ከፍታውን ጠርጥሩ። እዚያ ላይ ቤዙን መሞረድ ምንም አይረዳም። ቆይቶ አጥንቱም ይበላል። ከንፈርን የሚሞላው የላይኛው የፊት ጥርሶች የሚደረደሩበት ቦታና የቤዙ ጠርዝ ውፍረት ነው፤ ልጆቹን ይህን አስረዷቸው፣ ይገባቸዋል። ከመጠን በላይ ዝቅ ማለትም የራሱ መዘዝ አለው፦ የአፍ ማዕዘን ይቆስላል፣ ጉንጭ ይነከሳል፣ የማኘክ ኃይል ይቀንሳል። ሆኖም በሁለት ልኬት መካከል ከተጠራጠራችሁ ዝቅ ያለውን ምረጡ።

ሳያናግሩ ማሰናበት

አንድ መሪጌታ ሌላ ቦታ የተሠራላቸውን ጥርስ በመሀረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ማኅሌት ላይ ይንኳኳብኛል፣ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ይሰሙታል» አሉኝ። ድምፃቸው የሚያምር፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በጥርሱ የተነሣ ከማኅሌት መቅረት ጀምረው ነበር። ጥርሱን አጥልቀው «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። እያንዳንዷ «ስ» ላይ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ይጋጫል። ከፍ ብሏል፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ጺማቸው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አገጫቸው ላይ ነጥብ አድርጎ መለካት አይቻልም። ቀድሞ የለካው ሰውም ጺሙን ሳይለካ አልቀረም። ስለዚህ ዋናው መለኪያችን ንግግር ሆነ። አዲስ ሪም አሠርቼ «ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት» እያስቆጠርኩ የታችኛውን ቀነስኩት፤ «ስ» ሲሉ በመካከላቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እስኪታይ ድረስ። ክፍተቱ ከዚያ በጣም ሲሰፋ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሪም ወፍራም ስለሆነ ምላስን ያጣብባል፤ ፈተናውን ጥርሶቹ ሰም ላይ ሲደረደሩ መድገም ግድ ነው። እሳቸው ያን ቀን ቁጥሩን ትተው ዜማቸውን አዜሙልን።

የድሮውን ጥርስ እንዳለ መቅዳት፣ ወይም የጠፋውን በአንዴ መመለስ

ለብዙ ዓመት አንድ ጥርስ ያደረጉ ሰዎች ከፍታቸው በዝግታ ይወርዳል። የፕላስቲክ ጥርሱ ያልቃል፣ ከሥሩም አጥንቱ ይቀንሳል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት የሚቀንሰው ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን ተመራማሪዋ አንትዬ ታልግሬን 25 ዓመት የሸፈነ ክትትል አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳይታለች። ስለዚህ አሮጌው ጥርስ ዛሬ የሚያሳየው ከፍታ ሲሠራ የነበረው አይደለም። ታካሚው ግን ለምዶታል፤ ብዙ ሚሊ ሜትር በአንድ ቀን ብትጨምሩለት ጡንቻው አይቀበለውም። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ አሮጌው ጥርስ ላይ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) በትንሽ በትንሹ ጨምሩና ለሳምንታት ይሞክሩት፤ የተመቻቸው ከፍታ ሲገኝ አዲሱን በእሱ ሥሩ።

ስህተቱን አርቲኩሌተር ላይ ማረም

ቴክኒሻኑ አርቲኩሌተር ላይ፣ ማለትም የመንጋጋን አከፋፈትና አዘጋግ በሚመስለው የሞዴሎች መግጠሚያ መሣሪያ ላይ፣ ሲሠራ «ለጥርስ ቦታ ጠበበኝ፣ ፒኑን ትንሽ ላንሣው?» ብሎ ከደወለ መልሱ «አይ» ነው፤ ፒን ማለት መሣሪያው ላይ ከፍታውን የሚይዘው ዘንግ ነው። ፌስቦው (የላይኛው መንጋጋ ከመንጋጋ መገጣጠሚያው አንጻር ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ልኬት) ካልተወሰደ የአርቲኩሌተሩ መዝጊያ ክብ የታካሚው መንጋጋ ከሚሄድበት ጋር አንድ አይደለም፤ ከፍታውን እዚያ ስትለውጡ ንክሻውም ይሸሻል። ታካሚውን ጠርታችሁ እንደገና ውሰዱ። አክሪሊክ ሲታሸግ ፍላስኩ (የሚታሸግበት ሣጥን) በደንብ ካልተዘጋም ከፍታ ይጨምራል፤ ከተጋገረ በኋላ ሞዴሉን ወደ አርቲኩሌተር መልሶ ፒኑ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጠረጴዛ መንካቱን የሚያይ ቴክኒሻን ካላችሁ ያዙት።

የሰም ላይ ሙከራውን ማጣደፍ

ቀጠሮውን አታጣቡት። ጥርሶቹን አጥልቀው ይቀመጡ፣ ያውሩ፣ ይቁጠሩ፣ በመስታወት ይዩ፣ አብሯቸው የመጣውም ይያቸው። «ደህና ነው» ካሏችሁ በኋላም አሥር ደቂቃ አቆይታችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ፤ ከንፈራቸው ሳይጨነቅ ይዘጋል ወይ? ጥርሶቹ ሰም ላይ እያሉ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አክሪሊክ ከሆነ በኋላ ግን አንዱን ረድፍ በሙሉ አውልቆ ንክሻውን እንደ አዲስ መውሰድ ነው።