የዋልታ በረዶ ዜና ስታነቡ፦ ከመለኪያው እስከ ውሳኔው እንዴት ትከታተላላችሁ?

«የደቡብ ዋልታ በረዶ ቀለጠ» የሚል ዜና ሲለጠፍ ሥሩ የሚነሳው ክርክር ይታወቃል። አንዱ ዓለም አለቀላት ይላል። ሌላው «የለም፣ እንዲያውም ጨምሯል» ብሎ አንድ ግራፍ ይለጥፋል። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ይሄ ቁጥር ማን ፊት ቀርቦ ምን ያስወስናል? እኔ ይሄን ካላወቅሁ ዜናውን አነበብኩ አልልም። አካሄዴን ላሳያችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የትኛው በረዶ እንደሆነ ለዩ። የባሕር በረዶ የሚባለው የባሕሩ ውሃ ራሱ ረግቶ የሚንሳፈፈው ነው። እሱ ቢቀልጥ የባሕሩን ከፍታ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይጨምርም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ነጩ ገጽ የፀሐይን ብርሃን ይመልስ ነበር፣ እሱ ሲሄድ ጥቁሩ ባሕር ሙቀቱን ይውጠዋል፣ በላዩ የሚያድኑና የሚራቡ እንስሳትም መቆሚያ ያጣሉ። የየብሱ በረዶ ግን ሌላ ነው። የግሪንላንዱ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ባሕሩን 7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው ደግሞ 58 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ነገ አይደለም፣ ያን ያህል በረዶ ለማለቅ እጅግ ረጅም ዘመን ይፈልጋል። ወደብ የሚሠራ ሰው ግን ግማሽ ሜትርም ያሳስበዋል፤ እኛም አብዛኛው ዕቃችን በጅቡቲ ስለሚገባ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የባሕር በረዶ ዜና ሲሆን ስለ እንስሳት ጥበቃ፣ የየብስ በረዶ ሲሆን ስለ ወደብና ስለ ባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚወሰን ነገር ካለ ፈልጉ።

ቀጥሎ መለኪያው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እዩ። የባሕር በረዶን በሳተላይት ያለማቋረጥ መለካት የተጀመረው በ1978 መጨረሻ ነው። በ2014 የአንታርክቲካው የባሕር በረዶ ከዚያ ወዲህ ያልታየ ስፋት ላይ ደረሰ። «ሙቀት ጨመረ የሚባለው ወሬ ነው» ባዮች ያቺን ዓመት ይዘው ስንት አወሩ! በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ በተቃራኒው ዝቅተኛው ተመዘገበ። በአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ የሚሟገት ሰው ሲያጋጥማችሁ እለፉት።

ረጅም መለኪያ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከኦዞን (ከላይ በሰማይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን ጋዝ) የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ሃሊ በምትባለው የብሪታንያ የአንታርክቲካ ጣቢያ ሰዎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከበላያቸው ያለውን ኦዞን ይለኩ ነበር፤ አሰልቺ ሥራ፣ ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ያው መሣሪያ፣ ያው መዝገብ። በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ከዚያ መዝገብ ተነስተው ኦዞኑ በደቡቡ ፀደይ ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳተሙ፤ «የኦዞን ቀዳዳ» የተባለው ይሄ ነው። በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ውል፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ ተፈረመ። ብዙ ሰው ይሄን ሲተርክ ሳይንሱ አረጋገጠ፣ መንግሥታት ፈረሙ ብሎ ይዘጋዋል። እንደዚያ አልነበረም። ሲፈረም የቀዳዳው መንስኤ ገና ክርክር ላይ ነበር፤ በፍሪጅና በስፕሬይ ውስጥ የነበሩት ጋዞች ጥፋት ያለጥርጥር የለየለት በዚያው ሰሞንና ከዚያ በኋላ ነው። ብልሃቱ ውሉ አዲስ ማስረጃ በመጣ ቁጥር እንዲጠብቅ ተደርጎ መጻፉ ነበር። በ1990 ለንደን ላይ ጠበቀ፣ ከዚያም ደጋግሞ። በ2016 ኪጋሊ ላይ ደግሞ ኦዞኑን ባይነኩም ምድርን የሚያሞቁት ተተኪ ጋዞች ተጨመሩበት። ፍሪጅ ስትገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የጋዝ ዓይነት አንብቡ፣ የዚህ ታሪክ ጅራት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ብዙ ዜና የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሳይንቲስቶች አስጠነቀቁ» ብሎ ያቆማል። ለአየር ንብረት ማስረጃውን የሚሰበስበው አይፒሲሲ (በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ አካል) ነው፣ በ2019 ስለ ውቅያኖስና ስለ በረዶ ለብቻው ሪፖርት አውጥቷል። የማጠቃለያውን እያንዳንዱን መስመር የመንግሥታት ተወካዮች ተቀምጠው ያጸድቁታል። ግን «ይህን አድርጉ» ብሎ አያዝም፤ ሥራው አይደለም።

በአንታርክቲካ ዙሪያ ስላለው ባሕር የሚወስነው ኮሚሽን (CCAMLR) ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሆባርት ላይ በየዓመቱ ይሰበሰባል። የሳይንስ ኮሚቴው ይመክራል፣ ኮሚሽኑ ይወስናል። የሚወስነውም በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሙሉ ስምምነት ነው። አንድ አገር እንቢ ካለ አለቀ። የሮስ ባሕር ጥበቃ ክልል ሳይንሱ ተዘጋጅቶ፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ አቅርበውት ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በ2016 ነው ያለፈው። ስፋቱ 1.55 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከኢትዮጵያ ይበልጣል። ደስ ብሏችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ግን ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ፤ የተሰጠው ለ35 ዓመት ብቻ ነው። የምሥራቅ አንታርክቲካው ተመሳሳይ ሐሳብ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ተንጠልጥሏል።

የክሪሉም ነገር እንዲሁ ነው። ክሪል ሽሪምፕ የምትመስል ትንሽ የባሕር ፍጥረት ናት፣ ዓሣ ነባሪውም ፔንግዊኑም በእሷ ነው የሚኖረው። በደቡብ አትላንቲክ በኩል በዓመት የሚጠመደው 620,000 ቶን ሲደርስ ይቆማል። ለፔንግዊን ግን ጥያቄው ስንት ተጠመደ ብቻ አይደለም፣ የት ተጠመደ ነው፤ ጫጩት እያሳደገች ያለች ፔንግዊን ሩቅ ሄዳ አትመለስም። መጠኑን በየአካባቢው የሚያከፋፍል ደንብ ነበረ። በ2024 ለማደስ ሳይስማሙ ቀሩና ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት መርከቦቹ ገደቡን ቀድመው ሞሉት፣ ወቅቱም ሳያልቅ ተዘጋ። እንግዲህ ሳይንሱ አልጎደለም፤ የጎደለው ፊርማ ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2018 ኢሉሊሳት፣ ግሪንላንድ ላይ አሜሪካን፣ ሩሲያንና ቻይናን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በመካከለኛው አርክቲክ ውቅያኖስ ለ16 ዓመት የንግድ ዓሣ ማጥመድ እንዳይጀመር ፈረሙ። ማስረጃ ስለሞላ አልነበረም። እዚያ ምን ዓሣ እንዳለ በቂ ጥናት ስላልነበረ መጀመሪያ እናጥና ብለው ነው። ለእኔ ከሁሉም ብልህ ውሳኔ ይሄ ነው።

አራተኛ፣ ውሳኔው የማይነካውን ፈልጉ። አሜሪካ በ2008 የዋልታ ድብን አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት መዝገብ አስገባችው፤ ዋናው ማስረጃ የባሕር በረዶው መመናመን ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ ግን ይኸው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ሙቀት አማቂ ጋዞችን ለመቆጣጠር እንዳይውል አደረገ። ድቡን የሚጎዳው ምን እንደሆነ አምኖ፣ በእሱ ላይ ግን እጁን አጣጠፈ! ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ድቡ ተረፈ ብሎ ይተኛል።

«እኛ ምን አገባን» ለሚል ደግሞ፦ ኢትዮጵያ የአንታርክቲካን ውል አልፈረመችም፣ ሆባርት ላይም ወንበር የላትም። በአይፒሲሲና በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ስብሰባዎች ግን አላት፤ ተወካያችን እዚያ ምን እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። የሆባርቱ ስብሰባ ኦክቶበር ላይ ነው፣ ሪፖርቱም ለማንም ክፍት ሆኖ ይወጣል። ስታገኙት መግቢያውን ዝለሉና ስምምነት ያልተደረሰባቸውን ጉዳዮች ፈልጉ፤ ማን ምን ብሎ እንቢ እንዳለ እዚያ ታገኙታላችሁ።