ልቅ የወሲብ ምስል ከልጅ ስልክ እንዳይደርስ፦ የዕድሜ ማረጋገጫው የማይዘጋቸው በሮች

በብሪታንያ የወሲብ ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ የጎብኚውን ዕድሜ በመታወቂያ፣ በክሬዲት ካርድ ወይም በፊት ምስል የማጣራት ግዴታ አለባቸው። «18 ዓመት ሞልቶኛል» የሚለውን መጫን ብቻ አይበቃም። ሆኖም ልጁ ቪፒኤን (ስልኩ ያለበትን አገር የሚደብቅ አፕ) ከከፈተ ድረ ገጹ ከሌላ አገር የገባ ስለሚመስለው ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ለንደንም አዲስ አበባም ያለ ወላጅ በቤቱ ያለውን መንገድ ራሱ መዝጋት አለበት።

ዋይፋዩን ከሚያሠራጨው ሣጥን፣ ከራውተሩ፣ ጀምሩ። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ፤ ካልከፈተ ትክክለኛው አድራሻና ፓስወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ዲኤንኤስ የሚለውን ፈልጉ (የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲኤችሲፒ በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል)። በመጀመሪያው ሳጥን 1.1.1.3፣ በሁለተኛው 1.0.0.3 አስገቡ። ይህ ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ነጻ የቤተሰብ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛውን ማጣሪያ በሌለው የጉግል ዲኤንኤስ፣ በ8.8.8.8፣ የሚሞሉ አሉ፤ ያኔ ስልኩ በዚያ በኩል ሊወጣ ይችላል፤ ማጣሪያውም ዋጋ ያጣል። ራውተሩ አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ካለው 2606:4700:4700::1113 እና 2606:4700:4700::1003 ጨምሩ። «ዘጋሁት፣ ግን አሁንም ይከፈታል» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ መረሳቱ ነው። ሴቭ አድርጋችሁ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ የመግቢያ ፓስወርዱንም ቀይሩ።

ይህ የሚሠራው በቤት ዋይፋይ ብቻ ነው። ለሞባይል ዳታ ስልኩን ራሱን ቆልፉ፦ በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ስክሪን ታይም በተባለው የወላጅ መቆጣጠሪያ። የስክሪን ታይም ኮድ ስልኩ ከሚከፈትበት ኮድ የተለየ ይሁን። አዲስ አፕ ያለ እናንተ ፈቃድ እንዳይጫንም አድርጉ፤ ቪፒኤን የሚገባው በዚያ ነው።

ቴሌግራም ከዲኤንኤስ ማጣሪያው ውጭ ነው፤ ዲኤንኤስ ድረ ገጽን እንጂ በግሩፕ የሚላክን ቪዲዮ አያይም። ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ልጁን ወደ ግሩፕ ማስገባት የሚችሉት የሚያውቃቸው ብቻ እንዲሆኑ አድርጉ፤ ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትንም አጥፉ።

እንግሊዝ ውስጥ የሕጻናት ኮሚሽነር በ2023 ባወጣችው ጥናት፣ ከተጠየቁት ወጣቶች 27 በመቶው እስከ 11 ዓመታቸው እንዲህ ያለ ምስል አይተዋል። ስለዚህ ንግግሩ ከዚያ በፊት ይጀመር። ፊልሙ ለካሜራ የተሠራ መሆኑን፣ ፈቃድ መጠየቅ እንደማይታይበት ንገሩት። ከፍ ላለው ልጅ አንገት ማነቅን በስሙ ጠርታችሁ አንሱ፤ በምስሉ የተለመደ መስሎ ይቀርባል፣ ነገር ግን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ያቋርጣል፣ ይገድላልም። አየሁ ብሎ ከነገራችሁ ስልኩን አትቀሙት፤ ከየት እንደመጣለት ጠይቁትና ያንን መንገድ ዝጉ።