በአድናቂዎች በተሻሻሉ የድሮ ጌሞች ላይ ቁልፍ ሲዘገይ፦ ችግርና መፍትሄ

አድናቂዎች ያሻሻሉትን የድሮ ጌም መጫወት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ቅሬታ «ቁልፉን ስጫን ወዲያው አይታዘዝም» የሚል ነው። ቅሬታው አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ከፓቹ (ማሻሻያውን በጌሙ ላይ ከሚጭነው ፋይል)፣ ከኢሙሌተሩ (የድሮውን የጌም ማሽን ከሚያስመስለው ፕሮግራም)፣ ከቴሌቪዥኑ ወይም ጌሙ መጀመሪያውኑ ከተሠራበት መንገድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቅንብር ከመነካካት በፊት ኦሪጅናሉንና የተሻሻለውን ጌም በአንድ ኢሙሌተር፣ በአንድ ስክሪንና በአንድ ኮንትሮለር ጎን ለጎን መለካት ያስፈልጋል። ያለዚህ ንጽጽር የሚደረግ ጥገና ግምት ብቻ ነው፤ ብዙ ጥሩ ፓችም ባላጠፋው ጥፋት የሚወቀሰው ይህ ስለሚዘለል ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሬትሮአርች በተባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም ላይ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር የ«ፒ» ቁልፍ ጌሙን ያቆማል፣ የ«ኬ» ቁልፍ ደግሞ አንድ ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) ብቻ ያራምደዋል። ጌሙ ቆሞ ሳለ የመዝለያውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙና ገጸ ባሕርይው እስኪንቀሳቀስ ድረስ «ኬ»ን ስንት ጊዜ እንደተጫኑ ይቁጠሩ። በአሜሪካና በጃፓን ስሪቶች አንድ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ይህ ቆጠራ የቴሌቪዥኑንና የገመድ አልባ ኮንትሮለሩን መዘግየት ስለማያካትት የጌሙን የራሱን መዘግየት ብቻ ለይቶ ያሳያል።

ምልክት፦ ኦሪጅናሉም የተሻሻለውም እኩል ይዘገያሉ

ጥፋቱ የፓቹ አይደለም። የቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» ያብሩ፣ ኮንትሮለሩን በገመድ ያገናኙ፣ ከዚያም ምስሉን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን የቪ-ሲንክ ቅንብር ይመልከቱ።

ምልክት፦ ጌሙ ከመጀመሪያው ስክሪን ጀምሮ የተጎተተ ወይም የተዛባ ነው

እዚህ የሚጠረጠረው ፓቹ የተጫነበት የሮም ፋይል፣ ማለትም የጌሙ ካርትሪጅ ቅጂ፣ ነው። አይፒኤስ የተባለው የፓች ዓይነት ፋይሉ ትክክለኛው መሆኑን ሳያረጋግጥ ባይቶቹን በታዘዘበት ቦታ ይጽፋል። በሱፐር ኒንቴንዶ ሮሞች ላይ አንዳንድ ጊዜ ከፊት የምትገኘው 512 ባይት ትርፍ ክፍል ደግሞ ሁሉን ነገር ከቦታው ታንሸራትተዋለች። ቢፒኤስ የተባለው ሌላው የፓች ዓይነት ግን የምንጩን ፋይል መለያ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን) አይቶ ካልተስማማ ፓቹን አልጭንም ስለሚል፣ ሁለቱም ከቀረቡ ያለማመንታት ቢፒኤሱን ይምረጡ። የአውሮፓ ስሪት ላይ ከሆኑም ጌሙ በሰከንድ 60 ሳይሆን 50 ፍሬም ስለሚሄድ፣ ለዚያ ፍጥነት ያልተስተካከለ ጌም አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀዘቅዛል። መፍትሄው ንጹሕ ሮም ይዞ ፓቹን እንደገና መጫን ነው።

ምልክት፦ ጠላት ሲበዛ ብቻ ቁልፉ ይከብዳል

ይህ በሱፐር ማርዮ ወርልድ ማሻሻያዎች ላይ በብዛት የሚታይ ችግር ነው። ጌሙ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሁሉንም ጠላቶች እንቅስቃሴ፣ ግጭቱንና ድምፁን አስልቶ መጨረስ አለበት፤ ካልጨረሰ ያው ምስል በስክሪኑ ላይ ይደገምና የተጫኑት ቁልፍ ምላሽ የሚያገኘው በሚቀጥለው ዙር ይሆናል። የማሻሻያው ደራሲ አዳዲስ ጠላቶችና ብሎኮች ሲጨምር፣ ኒንቴንዶ በ1990 ለዚያ ጌም ያሰበውን የሥራ ጫና ያልፋል። የሱፐር ኒንቴንዶው ፕሮሰሰር በዝግተኛው የሮም ዓይነት በ2.68 ሜጋኸርዝ፣ በፈጣኑ ደግሞ በ3.58 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ፣ ወደ ፈጣኑ መሸጋገር ብቻውን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ የሚበልጠው ኤስኤ-1 የተባለው ረዳት ቺፕ ሲሆን ፍጥነቱ 10.74 ሜጋኸርዝ ነው። ግራዲየስ 3 የተባለው የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም በዝግታው የታወቀ ነበር፤ በ2019 አንድ ብራዚላዊ ፕሮግራመር ወደዚህ ቺፕ ሲያዛውረው ዝግታው ጠፋ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም፤ ኮዱ እጅ ውስጥ ሳይገባ፣ የተዘጋጀውን ሮም መመሪያ በመመሪያ አንብቦ የተሠራ ነውና።

ለተጫዋች መፍትሄው የማሻሻያውን የኤስኤ-1 ወይም የፈጣን ሮም ስሪት መፈለግ ነው። ከሌለ ኢሙሌተሩ ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚጨምረውን አማራጭ ይሞክሩ። ነገር ግን ዝግታው ሲጠፋ ጌሙ ሊከብድ ይችላል፤ ግራዲየስን የመሰሉ የተኩስ ጌሞች ላይ ተጫዋቹ ጥይት የሚሸሽበትን ጊዜ የሚያገኘው ከዚያው ዝግታ ነበርና። ማሻሻያውን የሚሠሩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ በአንድ ስክሪን ላይ የሚወጡትን ጠላቶች ቁጥር መቀነስ ከየትኛውም ቺፕ ይቀድማል።

ምልክት፦ ሳይነኩት ገጸ ባሕርይው ወደ ቀኝ ይሄዳል

ይህ የኔስ፣ ማለትም ከሱፐር ኒንቴንዶ በፊት የነበረው የኒንቴንዶ ማሽን፣ ችግር ነው፤ ብዙ ተጫዋች ኮንትሮለሩ የተበላሸ ስለሚመስለው አዲስ ይገዛል። የኔስ ኮንትሮለር ስምንቱን ቁልፎች አንድ በአንድ በተራ ይልካል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሴሌክት፣ ስታርት፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ጌሙ የተቀዳ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከበሮ፣ የሚያጫውት ከሆነ የድምፁ ክፍል አዲስ ዳታ ለማምጣት ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ያቆመዋል። ይህ ማቆም ኮንትሮለሩ ከሚነበብበት ቅጽበት ጋር ከተገጣጠመ አንድ ትርፍ ንባብ ይፈጠርና አንዱ ቁልፍ ከተራው ይዘለላል። ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ቀኝ የተጫኑት ግራ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። መጨረሻ ላይ ባዶ የቀረውን ስምንተኛ ቦታ ደግሞ ኮንትሮለሩ «አዎ፣ ተጭኗል» በሚል ምልክት ስለሚሞላው፣ ማንም ያልነካው ቀኝ ተጭኖ ይገኛል።

ኦሪጅናሉ ጌም የተቀዳ ድምፅ ካልነበረው ደራሲዎቹ መከላከያ አላስገቡም፤ አድናቂው አዲስ ሙዚቃ ከከበሮ ጋር ሲጨምርበት ግን ችግሩ ይወለዳል። ለዚህ ነው ሙዚቃ ብቻ የቀየረ ፓች እንቅስቃሴን የሚያበላሸው። በ1988 የወጣው ሱፐር ማርዮ ብራዘርስ 3 የሚጠቀምበት መፍትሄ ዛሬም ይሠራል፦ ኮንትሮለሩ ደጋግሞ ይነበባል፤ ሁለት ተከታታይ ንባቦች ሲስማሙ ብቻ ውጤቱ ይወሰዳል። በአንድ ፍሬም ውስጥ ወደ 29,780 የሚጠጋ የፕሮሰሰር ዑደት ስላለ ይህ ተጨማሪ ንባብ የሚወስደው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተጫዋቹ በበኩሉ ኢሙሌተሩ ላይ ድምፁን ቢያጠፋ ምንም አይለወጥም፤ የዳታው ማምጣት ከበስተጀርባ ይቀጥላልና። ማድረግ የሚችለው ከበሮ የሌለውን ስሪት መጫን ወይም ችግሩን ለደራሲው ማሳወቅ ነው።

ምልክት፦ ምስሉ ለስላሳ ሆኖ ቁልፉ ግን የሚንሳፈፍ ይመስላል

ሱፐር ማርዮ 64 በሰከንድ 30 ጊዜ፣ በ1998 የወጣው ኦካሪና ኦፍ ታይም ደግሞ 20 ጊዜ ያስባል። በኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት አዲሶቹ የአድናቂ ስሪቶች 60 ፍሬም ሲያሳዩ ብዙውን ጊዜ የጌሙ አእምሮ በድሮ ፍጥነቱ እየሠራ ነው፤ በመካከል የሚታዩት ምስሎች ካለፈው ቦታና ከአሁኑ ቦታ ተሰልተው የሚሞሉ ናቸው። መካከሉን ለማሳየት የአሁኑን ቦታ ማቆየት ስለሚያስፈልግ፣ እንቅስቃሴው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህን አማራጭ አጥፍተው ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከተሰማዎ እንደጠፋ ይተዉት። እኔ በበኩሌ ትክክለኛ ዝላይ በሚጠይቅ ደረጃ ላይ ከልስላሴው ይልቅ ፈጣን ምላሹን እመርጣለሁ። አሳቡን ራሱን ወደ 60 ማሳደግ የስበትና የፍጥነት ስሌቶችን ሁሉ እንደገና መጻፍ ይጠይቃል።

ምልክት፦ ገጸ ባሕርይው ይዘላል፣ እንቅስቃሴው ግን ይቆራረጣል

ሬትሮአርች ከ2018 ጀምሮ ያለው «ራን-አሄድ» የጌሙን ውስጣዊ መዘግየት ቀድሞ በማስላት ይቀንሳል። ለኦሪጅናሉ የተመረጠው የፍሬም ቁጥር ግን ለተሻሻለው ላይሆን ይችላል፤ ፓቹ መዘግየቱን ቀንሶት ከሆነ ትርፉ ቁጥር የእንቅስቃሴውን የመጀመሪያ ምስሎች ይቆርጣል። ከላይ በተገለጸው መንገድ እንደገና ቆጥረው ከተገኘው ላይ አንድ ይቀንሱ፤ ለምሳሌ ገጸ ባሕርይው በሦስተኛው ፍሬም ከተንቀሳቀሰ ቅንብሩ 2 ይሆናል።

ምልክት፦ ቆጠራው እኩል ነው፣ ኦሪጅናሉ ግን «ደንቃራ» ይመስላል

በ1986ቱ ካስልቫኒያ አንዴ የዘለለ ገጸ ባሕርይ አየር ላይ አቅጣጫ መቀየር አይችልም። ይህ የጌሙ ሕግ እንጂ መዘግየት አይደለም። ሕጉን ያላሉ የአድናቂ ፓቾች አሉ፤ እነሱን ለምዶ ወደ ኦሪጅናሉ የተመለሰ ሰው ቁልፉ የዘገየ ይመስለዋል። የኢሙሌተር ቅንብር ይህን አይለውጠውም፤ ያለው ምርጫ ከሁለቱ ሕጎች በአንዱ መጫወት ነው።

ለደራሲው ሲጽፉ የፓቹን ስሪት፣ የሮሙን መለያ ቁጥር፣ የኢሙሌተሩን ስም፣ ችግሩ የሚታይበትን ደረጃና በሁለቱም ጌሞች ያገኙትን የፍሬም ቆጠራ አብረው ይላኩ።